ባዶ ፒካፕ፣ እርጥብ ቁልቁለት

ክረምቱ ከጠና ወዲህ የሚደርሰን ደብዳቤ ሁሉ ስለ ዝናብና ስለ መንሸራተት ሆኗል። ዛሬ ሦስቱን እንመልሳለን። ሦስቱም የመጡት ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ነው። ሦስቱም መኪኖች በኋላ ጎማ የሚገፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ፎርዊል የሌለው አሮጌ ሃይሉክስ አለኝ። ጠዋት ወተት ጭኜ አዲስ አበባ አደርሳለሁ፣ ከሰዓት ባዶዬን እመለሳለሁ። ጠዋት ዝናብ ቢሆንም ችግር የለም፣ መሬት ቆንጥጦ ይሄዳል። ስመለስ ግን የእንጦጦን ዳገት ጨርሼ ወደ ሱሉልታ ስወርድ ኩርባው ላይ ኋላው ይከዳኛል። ባለፈው ማርሽ ቀንሼ ፍሪሲዮን ስለቅ መኪናው በጎኑ ዞረብኝ፣ ከፊት ለፊት መኪና ስላልነበረ ነው የተረፍኩት። ጓደኞቼ «የኋላ ጎማ ለክረምት አይሆንም፣ ሽጠው» ይሉኛል። እውነት ነው? ብሸጠውስ በምን ልሥራ? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። መኪናህን አትሽጥ።

የፒካፕህ ሞተር ፊት ነው፣ የሚገፋው ግን ኋላው ነው። ባዶውን ሲሆን ክብደቱ ፊት ላይ ይከማቻል፣ ሥራውን የሚሠሩት የኋላ ጎማዎች ግን የሚጫናቸው የለም። ጎማ መሬት የሚይዘው ደግሞ ሲጫኑት ነው። ጠዋት ወተቱ ይጫነዋል፣ ቆንጥጦ የሚሄደው ለዚህ ነው። ከሰዓት የሚጫነው የለም። በዚያ ላይ በእናንተ አካባቢ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከሰዓት ስለሆነ፣ አንተ መኪናህ በጣም በቀለለበት ሰዓት በጣም የራሰው መንገድ ላይ ትገኛለህ ማለት ነው። ዳገቱን ስትወጣ ብዙም አይታወቅህም፣ ምክንያቱም ዳገት ላይ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል። እንዲያውም ተጭኖ ዳገት ለመውጣት በኋላ ጎማ የሚገፋው በፊት ጎማ ከሚጎትተው ይሻላል። ጫፉን አልፈህ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና ኋላው ይበልጥ ይቀላል።

አሁን ወደዚያች ማርሽ እንምጣ፣ ዋናው ነገር ያለው እሷ ጋ ነው። የአንተን መኪና ሞተሩ ሲይዘው የሚይዘው በኋላ ጎማዎች ብቻ ነው። ከሦስት ወደ ሁለት አውርደህ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ስትለቅ፣ መኪናው በነበረበት ፍጥነት እየሄደ የኋላ ጎማዎቹ ግን በድንገት ቀስ እንዲሉ ይገደዳሉ። ደረቅ አስፋልት ቢሆን ነቅነቅ አድርጎህ ያልፍ ነበር። እርጥብ ላይ ግን ጎማው መሬቱን ይለቃል፣ አንዴ ከለቀቀ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ነገር የለም፣ ኋላው ፊቱን ሊቀድም ይመጣል። ኩርባ ላይ የእጅ ፍሬን ብትስብም የሚሆነው ያው ነው፣ እሱም የሚይዘው የኋላውን ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀይር። ፍጥነት የምትቀንሰው ኩርባው ሳይጀምር፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ፣ በእግር ፍሬን ነው። ማርሹንም እዚያው ቀጥታው ላይ ጨርስ። ፍሪሲዮኑን ከመልቀቅህ በፊት ትንሽ ነዳጅ ሰጥተህ የሞተሩን ዙር ከፍ አድርግ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ልቀቅ። በደንብ ከሠራኸው መኪናው ምንም አይነቀንቅህም፣ ፈተናው ይሄ ነው። ኩርባው ውስጥ ከገባህ በኋላ አዲስ ነገር አታምጣ። ፍሬን አትርገጥ፣ ማርሽ አትንካ፣ ነዳጅ ላይ ያለው እግርህም ባለበት ይቆይ። ነዳጅ የምትጨምረው መሪው መመለስ ሲጀምር ነው፣ እሱንም በቀስታ።

«እንግዲያው ፎሌ አድርጌ (ማርሽ አውጥቼ) ልውረድ» እንዳትል ደግሞ። ይሄን የሚመክሩ ሾፌሮች አሉ፣ ነዳጅ ይቆጥባል እያሉ። በፎሌ የወረደ መኪና የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቅተዋል፣ አንተም የባሰ ስትረግጠው እርጥቡ ላይ ጎማ ታስራለህ። ቁልቁለቱን ሳትጀምር ዝቅ ያለውን ማርሽ ያዝና በእሱ ውረድ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ከተንሸራተተስ? እግርህን ከፍሬን አርቅ። ነዳጁን ቀስ አድርገህ ልቀቅ፣ ፍሪሲዮኑን እርገጥ። ዓይንህን ከገደሉ ላይ አንሳና መሄድ የምትፈልግበትን ቦታ ተመልከት፣ እጅ የሚከተለው ዓይንን ነው። ኋላው ወደ ቀኝ ከሄደ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሄደ ወደ ግራ አዙር። መመለስ ሲጀምር ደግሞ ቶሎ አቃና። መሪውን እንዳዞርክ ከቆየህ መኪናው በሌላው ጎን ይወረውርሃል፣ ያኛው ከመጀመሪያው ይከፋል።

ክብደቱን በተመለከተ ቀላል መፍትሄ አለ። ሁለት ሦስት ማዳበሪያ አሸዋ ሙላና ስትመለስ ጫን። የምታስቀምጠው በትክክል ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ነው። መጨረሻው ላይ፣ መዝጊያው ጋ ካደረግከው የፊቱን ያነሳብህና መሪው ይቀልሃል። በገመድ አጥብቀህ እሰረው። ድንገት ፍሬን ስትይዝ ሃምሳ ኪሎ አሸዋ ወደ ካቢናው ሲመጣ የዋዛ አይደለም። ነዳጅ ትንሽ ይጨምርብሃል፣ ይጨምር።

ጎማህን ሳልጠይቅህ አላልፍም። ሁለት ጎማ ብቻ የመቀየር አቅም ካለህ አዲሶቹን ኋላ አስገባ። ብዙ ጎሚስታ ፊት ያደርግልሃል፣ መሪ ያለው እዚያ ነው ብሎ። የፊቱ ሲንሸራተት መኪናው መታጠፍ እምቢ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ነዳጅ ስትለቅ ብዙ ጊዜ ይመለስልሃል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይሽከረከራል። ስለዚህ የተሻለው ጎማ ኋላ ይሁን፣ ይሄ በፊት ጎማ ለሚጎተትም ይሠራል። ጎማው ማለቁን ለማወቅ ጥርሶቹ መሃል ያሉትን ቦዮች ተመልከት፣ ቦዩን አቋርጠው የሚያልፉ ትናንሽ የጎማ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ከጉብታው እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ያ ጎማ አልቋል። ለዝናብ ግን እስከዚያ መጠበቅ የለብህም፣ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ውሃ የማስወጣት አቅሙ ደክሟል። ያገለገለ ጎማ የምትገዛ ከሆነ ጥርሱን ብቻ አይተህ አትታለል። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ተጽፏል። 2315 ካለ በ2015 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜ ያደረቀው ጎማ እርጥብ አስፋልት አይዝም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ የአባቴን የድሮ ዲኤክስ ኮሮላ እነዳለሁ። ዝናብ ሲጥል ጭቃው ውስጥ ቆሜ እቀራለሁ፣ አንዱ የኋላ ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይቆማል። መካኒክ አሳይቼ ምንም አልተበላሸም አለኝ። ከጭቃው ወጥቼ አስፋልት ስይዝ ደግሞ ያንሸራትተኛል። (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ እህቴ፣ መካኒክሽ ልክ ነው። ዲፈረንሻሉ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱም ጎማ ያካፍላል፣ ግን አንደኛው መያዣ ሲያጣ ያ ጎማ በከንቱ ይዞራል፣ መያዣ ያለው ደግሞ የሚበቃ ጉልበት አያገኝም። አሠራሩ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

የእናንተ ሰፈር አፈር ደግሞ ዋልካ ነው፣ ያ ጥቁሩ። ሲርስ የጎማውን ጥርስ ይሞላና ጎማሽን ሙልጭ ያደርገዋል። ነዳጅ በረገጥሽ ቁጥር ጉድጓድ እየቆፈርሽ ነው። ስለዚህ ጎማው መሽከርከር እንደጀመረ እግርሽን አንሺ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን በጣም በቀስታ እየለቀቅሽ ሞክሪ፣ ሁለተኛ ጉልበቱ ስለሚለዝብ ጎማው ቶሎ አይለቅም። እምቢ ካለ ነዳጅ በትንሹ እየሰጠሽ የእጅ ፍሬኑን አንድ ሁለት ጥርስ ያህል ሳቢ። የሚሽከረከረውን ጎማ ያዝ ያደርገውና ጉልበቱ ወደ ሌላኛው ይሻገራል። ይሄ የሚሠራው የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የሚገፉትን ጎማዎች ስለሆነ ነው፣ በፊት ጎማ በሚጎተተው በጎረቤትሽ ቪትዝ ላይ አይሠራም። ስትወጪ ወዲያው ልቀቂው፣ ተስቦ ከቀረ ሸራውን ይጨርሰዋል። እሱም ካልሆነ ድንጋይ፣ ጠጠር፣ የመኪናው ምንጣፍም ቢሆን ከሚሽከረከረው ጎማ ሥር አስገቢ። ከኋላ የሚገፋ ሰው ካለ በቀጥታ ከጎማው ጀርባ እንዳይቆም ንገሪው።

አስፋልት ስትይዢ የሚያንሸራትትሽ ጥርሱ ውስጥ ያለው ጭቃ ነው። ረግፎ እስኪያልቅ ድረስ በዝግታ ሂጂ፣ ወዲያው አትታጠፊ። እንደውም አስፋልቱም ራሱ አይታመንም፣ ከግንባታ የሚወጡት ሲኖዎች ጭቃቸውን እያራገፉበት ነው የሚሄዱት። መጋጠሚያ አካባቢ አስፋልቱ ቡናማ ሆኖ ካየሽው እንደ ጭቃ ቁጠሪው። ኮብልስቶን ዳገት ላይም ከታች ፍጥነትሽን መጥነሽ ጀምሪና መሃል ላይ ላለመቆም ሞክሪ። ፊትሽ ባጃጅ እየወጣ ከሆነ እስኪጨርስ ታች ጠብቂው።

ጥያቄ፦ ልጄ መንጃ ፈቃድ የያዘው በቅርቡ ነው፣ የተማረው በፊት ጎማ በሚጎተት ትንሽ መኪና ነው። አሁን የቤተሰቡን ሃይስ ሚኒባስ ይዞ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ በፍጥነት መንገዱ አዳማ ይመላለሳል። ዝናብ ሲሆን እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ልንገረው? (ከገላን፣ አንድ አባት)

መልስ፦ አባቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። መጀመሪያ የሚነግሩት የሁለቱን መኪና ልዩነት ነው። ጋሪ ከፊት ሲጎትቱት ተከትሎ ይመጣል፣ ከኋላ ሲገፉት ግን መንገዱ ሲጣመም ጎኑን ይሰጣል። ሃይሱ የሚገፋ ነው። የተማረበት መኪና ኩርባ ላይ ትንሽ ነዳጅ ቢሰጡት ራሱን ሊያቃና ይችላል፣ ሃይሱ ግን ነዳጅ በተጨመረበት ቁጥር ኋላውን ይበልጥ ይወረውራል። ልማዱን እንዲያራግፍ የሚረዳው በቃል መንገር ብቻ አይደለም። ዝናብ በጣለ ቀን ሰውም ሆነ ግድግዳ የሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ ይውሰዱት፣ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እያዞረ ነዳጅ ሲረግጥ ኋላው ምን እንደሚያደርግ በእጁ ይወቀው። አንዴ ካወቀው መንገድ ላይ ሲገጥመው አይደነግጥም። ባዶውን ሲሄድና ሰው ሞልቶ ሲሄድ የተለያየ መኪና መሆኑንም እዚያው ያየዋል።

የፍጥነት መንገዱ አደጋ ሌላ ነው። አስፋልቱ ጥሩ ስለሆነ ሰው ይሮጥበታል። ከባድ ዝናብ ሲወርድና ውሃ ሲተኛበት ጎማው ውሃውን ወደ ጎን ገፍቶ መጨረስ ያቅተውና ውሃው ላይ ይወጣል። ምልክቱ መሪው ድንገት መቅለሉ ነው፣ በሚገፋ መኪና ላይ ደግሞ መኪናው ሳይፈጥን የሞተሩ ድምፅ ይጨምራል። ያኔ ፍሬን አይነካም፣ መሪም አይዞርም። መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ነዳጁን በቀስታ መልቀቅ፣ ጎማው መሬት እስኪያገኝ መጠበቅ፣ በቃ። ውሃ ተኝቶ ካየ ደግሞ ከ80 በታች ይውረድ፣ ጎማው ያለቀ ከሆነ ከዚያም ያነሰ። ፊቱ ያለው መኪና አንድ ምልክት ካለፈ በኋላ እሱ እዚያ እስኪደርስ አራት ሰከንድ ይቁጠር። በደረቅ ሁለት ይበቃል፣ በእርጥብ ግን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በእጥፍ ገደማ ያድጋል።

ሌላው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። ለቀናት ደርቆ የቆየ መንገድ ላይ ካፊያ ሲጀምር አቧራውና ዘይቱ ከውሃው ጋር ይላቆጣል፣ ዶፉ አጥቦት እስኪወስደው ድረስ ያ ካፊያ ከዶፍ የበለጠ ያንሸራትታል። ወጣት ሾፌር ደግሞ ካፊያን ይንቃል፣ ይህችን አስረግጠው ይንገሩት።

ወደ ሰፈር ሲገባ ጎርፍ አቋርጦ የሚሄድበት ቦታ ካለ፣ ውሃው እየፈሰሰ ከሆነና ሥሩ ያለው አስፋልት ካልታየው አይግባ። ክፍት ጉድጓድ ሊኖር ይችላል፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ውሃ ደግሞ ትንንሽ መኪኖችን ከመሬት ማንሳት ይጀምራል። ጥልቀት የሌለውን የቆመ ውሃ ካለፈ በኋላም የኋላው ፍሬን ርሶ ላይይዝ ይችላል። በዝግታ እየሄደ፣ ከኋላው መኪና አለመኖሩን አይቶ፣ ፔዳሉን ቀለል አድርጎ ደጋግሞ ይጫን፣ ሸራው ሲደርቅ መያዝ ይጀምራል። የጎማውን ንፋስም ነገ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ሳይደርስ ያስለካ። ልኩ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተጽፏል፣ ለባዶና ለሙሉ ጭነት የተለያየ ሊሆን ይችላል።