ባጉ ሲጠፋ አትደሰቱ

ከዓመታት በፊት አንድ የስቶሬጅ ድራይቨር (ሲስተሙን ከማከማቻ መሣሪያ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ውስጥ 10 ሚሊሰከንድ የምታስጠብቅ አንዲት መስመር ጨምሬ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስታውሳት ታሳፍረኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርም የሚባል ፕሮሰሰር ባለው ትንሽ ቦርድ ላይ የሚሠራ ሊኑክስ ነበረን። ከካርዱ የሚነበቡ ፎቶዎች አልፎ አልፎ ተበላሽተው ይመጣሉ። ሁሌ ቢበላሹ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! ምን እየሆነ እንደሆነ ለማየት ኮዱ ውስጥ ፕሪንት አስገባሁ። ባጉ ጠፋ። ፕሪንቱን አወጣሁ። ባጉ ተመልሶ ከች አለ። «የጊዜ ጉዳይ ነው» ብዬ ያቺን መጠበቂያ ከተትኩና ለአለቃዬ ተስተካክሏል አልኩት። ሦስት ወር ሳይሞላ ደንበኛው ደወለ።

ልጆቼ፣ መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብኝ የተበላሸውን ፋይል ከጤነኛው ጎን አስቀምጦ ባይት በባይት ማየት ነበር። እጅ እጅ የሚል ሥራ ነው። በስንት መከራ ቁጭ ብዬ ሳየው ግን አንድ ነገር ወጣ። በተበላሸ 512 ባይት ሁሉ ውስጥ የተሳሳቱት የመጀመሪያዎቹ 56 ባይት ብቻ ናቸው። ደግሞ ዝም ብሎ ቆሻሻ አይደለም፤ ቀደም ብሎ የተነበበው ዳታ ነው እዚያው የቀረው።

ሁለት ቀን 56 ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ሰነበተ። ኮምፒውተር 64ን ይወዳል፣ 512ን ይወዳል። 56ን ማን ይወዳል? በመጨረሻ ስትራክቱን (ድራይቨሩ ዳታውን አንድ ላይ ደርድሮ የሚያስቀምጥበትን) ከፍቼ አየሁት። ከባፈሩ (የተነበበው ዳታ ከሚያርፍበት ቦታ) በላይ አንዲት ቆጣሪ ተቀምጣለች። መጠኗ 8 ባይት። 56 ሲደመር 8!

ዲኤምኤ ማለት መሣሪያው ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ራሱ ሚሞሪ ላይ የሚጽፍበት መንገድ ነው። ባፈሩን ማፕ ስታደርጉት ለመሣሪያው አደራ ሰጣችሁት ማለት ነው። አንማፕ እስክታደርጉት ድረስ የእናንተ አይደለም። እኔማ ባፈሩን አልነካሁም፤ የነካሁት ጎረቤቱን ቆጣሪ ነው። ፕሮሰሰሩ ግን አንዲት ባይት ነጥሎ አያነሳም። እዚያ ቦርድ ላይ 64 ባይት ጠቅልሎ ወደ ካሽ (ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለ ትንሽ ፈጣን ሚሞሪ) ይወስዳል፤ ይሄ ጥቅል ካሽ መስመር ይባላል። ቆጣሪዋን ሊጨምር ሲሄድ 56ቱን አሮጌ ባይት አብሮ ወሰዳቸው። መሣሪያው አዲሱን ዳታ ሚሞሪ ላይ ጻፈ። ከዚያ ፕሮሰሰሩ ካሹን መልሶ ሲያራግፍ አሮጌው አዲሱ ላይ ተደፋበት። የኔ መጠበቂያ ያደረገችው ነገር ቢኖር ፕሮሰሰሩና መሣሪያው እንዳይገናኙ ትንሽ ማራራቅ ነው።

ቢሮ ያለው ፒሲ ላይ ይሄ አይታይም። ኤክስ86 ላይ ሃርድዌሩ ራሱ ካሹንና ዲኤምኤውን ያስማማቸዋል። ስለዚህ «እኔ ጋ ይሠራል» የምትለዋ መልስ እዚህ አታዋጣም።

ማስተካከያው ጥቂት መስመር ነበር። ባፈሩን ከስትራክቱ አውጥቼ ለብቻው በኬማሎክ (በሊኑክስ የሚሞሪ መመደቢያ) መደብኩት። ኬማሎክ የሚሰጠው ቦታ ለዲኤምኤ እንዲሆን ተደርጎ የተስተካከለ ነው፤ ሌላ ሰው ካሽ መስመሩን አይጋራውም። መጠበቂያዋንም ሰረዝኳት።

የዚህ ባግ ዘመዶች ብዙ ናቸው። ባፈር ከስታክ (ፈንክሽኖች ለጊዜው ከሚጠቀሙበት ሚሞሪ) ላይ አንስታችሁ ለዲኤምኤ የምትሰጡ ካላችሁ ተዉት። በፊትም ክልክል ነበር፤ ግን ብዙ ድራይቨር ያደርገው ነበር፣ ይሠራም ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ሊኑክስ 4.9 በ64 ቢት ኤክስ86 ላይ የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ስታክን ወደ ቪማሎክ (ሚሞሪው በእርግጥ ተከታታይ ላይሆን ወደሚችልበት ቦታ) ማዛወር ሲጀምር ጉዳቸው ፈላ። 2 ጊጋ ሚሞሪ ያለው ማሽን ላይ ሰላም የሆነ ድራይቨር 8 ጊጋ ላይ ከተበላሸ ደግሞ መጀመሪያ ዲኤምኤ ማስኩን (መሣሪያው እስከ ስንት ቢት አድራሻ እንደሚደርስ የሚናገረውን) እዩ። 32 ቢት አድራሻ ከ4 ጊጋ በላይ አይደርስም።

ከርነሉን ስትገነቡ የዲኤምኤ ኤፒአይ ዲበግን አብሩት፤ ማፕ አድርጎ አንማፕ የረሳውን ሁሉ ስሙን እየጠራ ያሳጣላችኋል። ባፈሩን ለመሣሪያው ከማስረከባችሁ በፊት ደግሞ በአንድ በምታውቁት ቁጥር ሙሉት። እኔ 165 ለምጃለሁ። ንባቡ ሲያልቅ አዲሱ ዳታ ያልደረሰበት ቦታ ላይ 165 ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ስንት እንደሆነ ቁጠሩት።