ኮንቴነሩ ወደቀ፤ ደመወዜ በግማሽ መቆረጡ ሕጋዊ ነው?

ጥያቄ፦ አዳማ እየኖርኩ ሞጆ በሚገኝ የኮንቴነር ግቢ በሪች ስታከር (ኮንቴነር አንስቶ በሚደረድር ተሽከርካሪ ማሽን) ኦፕሬተርነት እሠራለሁ። ፈረቃዬ ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት አራት ሌሊት ነው። ከሁለት ወር በፊት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ሳነሳ በአንድ ጎን ከስፕሬደሩ (ኮንቴነሩን ከላይ ከሚይዘው የማሽኑ ክፍል) ተላቆ ወደቀ፤ ዕቃው ተበላሸ። «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል ወረቀት አስፈረሙኝ። አሁን ከ12,000 ብር ደመወዜ በየወሩ 6,000 ይቆርጣሉ፤ እናሰናብትሃለንም ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት፣ ሌላ ወረቀት አይፈርሙ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ አይችልም። የእርስዎ ሲሶ 4,000 ብር ነው፤ ስለዚህ ጥፋተኛ ቢሆኑ እንኳ 2,000 ብሩ በየወሩ ያለአግባብ ተወስዷል። «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ማለትም «ከደመወዜ ይቆረጥ» ማለት አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ የገንዘብ መጠን ከሌለ አጥብቀው ይከራከሩበት።

ስንብቱን በተመለከተ፣ አንቀጽ 27 ያለማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚፈቅደው ጉዳቱ ሆነ ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ሲደርስ ነው። ዕቃ መበላሸቱ ብቻ አይበቃም፤ ቸልተኝነቱን ማስረዳት ያለበትም አሠሪው ነው። ክርክሩ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

የስፕሬደሩ አራት ቱዊስት ሎኮች (የሚዞሩ መቆለፊያዎች) በኮንቴነሩ ማዕዘን ቀዳዳዎች ገብተው ካልዞሩ የመቆለፊያው መብራት አይበራም፤ ሲስተሙም ማንሳት ይከለክላል። ታዲያ በአንድ ጎን ሲላቀቅ ብዙ ጊዜ ወይ ሴንሰሩ በሐሰት አብርቷል፣ ወይ ቱዊስት ሎኩ ወይም የኮንቴነሩ ማዕዘን ተበልቷል፣ ወይ ሲስተሙ ባይፓስ ተደርጓል (ሳይቆለፍም እንዲያነሳ መከልከያው ታልፏል)። ማሽኑን በደህና ሁኔታ መያዝ በአንቀጽ 92 የአሠሪው ግዴታ ነው። በራስዎ ፈቃድ ባይፓስ አድርገው ከሆነ ግን ነገሩ ይከብድብዎታል፤ ይህን ከጠበቃዎ አይደብቁ። የፈረቃ ኃላፊው አዝዞ ወይም ድርጅቱ እያወቀ ማሽኑ በባይፓስ ሲሠራ ከርሞ ከሆነ መልኩ ይለወጣል።

ስለዚህ የዚያን ሌሊት ቼክሊስት፣ ቀደም ብለው ያስመዘገቡትን የብልሽት ሪፖርትና የጥገና ካርዱን ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በእጅዎ በሚቀረው ኮፒ ላይ የመዝገብ ቤቱን የገቢ ማኅተም ያስመቱ። አሮጌው ቱዊስት ሎክ ከተጣለ መልሶ አይገኝም፤ ፎቶ ያነሳ ባልደረባ ካለ ፎቶውን ዛሬውኑ ይቀበሉት።

ፈረቃዎም ራሱ ማስረጃ ነው። አደጋው የደረሰው በአሥረኛው የሥራ ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ የእርስዎ ግን በየሌሊቱ ከ8 ሰዓት በላይ የሚሠሩት 4 ሰዓት በአራት ሌሊት ሲባዛ በሳምንት 16 ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል፤ ካልተከፈለዎት በዚሁ ክስ ይጠይቁት።

አሠሪው በአንቀጽ 27 ማሰናበት የሚችለው ምክንያቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። ሁለት ወር ስላለፈ ጊዜው አምልጦታል፤ «ያወቅነው አጣሪ ኮሚቴው ሪፖርት ሲያቀርብ ነው» ማለታቸው ግን አይቀርም። ወረቀቱን ያስፈረሙበት ቀን ለዚህ መልስ ይሆናል፤ ኮፒው ይኑርዎት።

ካሰናበቱዎት ወደ ሥራ የመመለስ ክስ በ3 ወር፣ የተቆረጠ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ክፍያው ከሚገባበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል። ክሱ የሚቀርበው ሥራው ባለበት ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ከአለቃ ጋር በቃል መነጋገር ይርጋውን አያቋርጥም።