ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የቻይናዎቹ የሩዝ አጥሚት ለእናቴ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ጓንግዡ ነው። ሰሞኑን ትውከትና ተቅማጥ ሲያጣድፈኝ ጎረቤቴ ጁክ የሚሉትን ጨው ያለው የሩዝ አጥሚት ሠርታ አመጣችልኝ፤ በጣም ተስማማኝ። አሁን እኔም ማታ ሠርቼ እዚያው ማብሰያው ውስጥ እተወውና ጠዋት አሙቄ እበላለሁ። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታለች፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ለእሷም ልስጣት?

መልስ፦ የጎረቤትዎ እጅ ይባረክ። ጁክ ለታመመ ሆድ የሚስማማው አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ነው። ቅባት የለውም፣ ፋይበሩም ትንሽ ነው፤ ሩዙ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ የሚወጣው ስኳር ደግሞ ከጨው ጋር ሆኖ አንጀት ውሃ እንዲመጥ ያግዛል። ግን ኦአርኤስን፣ ማለትም ለተቅማጥ በውሃ በጥብጠው የሚጠጡትን የስኳርና የጨው ዱቄት፣ አይተካም። ተቅማጡ ከበረታ ኦአርኤስ ይጠጡ፤ ደም ካዩ ወይም ውሃ እንኳ ሆድዎ አልይዝ ካለ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

እኔን ያሳሰበኝ ማደሩ ነው። ማብሰያው ጠፍቶ ካደረ ያንን ጁክ አይብሉት፣ በፍጹም። ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ሲፈላ የማይሞት ዘር መሳይ ነገር ይተዋል፣ ምግቡ ለብ ብሎ ሲቆይ እሱ ይነቃና ይራባል፣ መርዝም ያመነጫል። መርዙ ጠዋት ቢያፈሉትም አይጠፋም። ሽታውም መልኩም ምንም ላይመስል ይችላል፤ ከበሉት በኋላ ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያስመልስዎታል። ከተረፈ ዝርግ ዕቃ ላይ ገልብጠው ያቀዝቅዙትና 2 ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ያስገቡት። በማግስቱ በደንብ አፍልተው ይጨርሱት።

ለጠዋት የሚቸኩሉ ከሆነ ሌላ ዘዴ አለ። ማታ ሩዙን አጥበው፣ ትንሽ ዘፍዝፈው፣ ውሃውን አጥልለው ፍሪዘር ይክተቱት። ጠዋት እንደቀዘቀዘ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲጨምሩት ፍሬው ይሰነጣጠቃል፤ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈርስልዎታል። ያለዚያ ከ1 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ልኩ ለ1 ስኒ ሩዝ ከ8 እስከ 10 ስኒ ውሃ ነው። እሳቱን ቀነስ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርገው ይተዉት፤ ሥሩ እንዳይይዝ አልፎ አልፎ ያማስሉት። ቀጭን የተከተፈ ዝንጅብልና የዶሮ ሥጋ አብረው ይብሰሉ። ጓንግዡ ውስጥ የታወቀው በአሳማ ሥጋና በጠቆረ እንቁላል የሚሠራው ነው፤ እናትዎ አሳማ ካልበሉ በዶሮ ወይም በዓሣ ያው ይጣፍጣል።

ወደ እናትዎ ስንመጣ፣ ይብሉ፣ ግን እንደ እርስዎ ሳህን ሙሉ አይደለም። ነጭ ሩዝ እንዲህ ፈርሶ ሲበስል ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ቶሎ ከፍ ያደርገዋል። ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ይበቃቸዋል። ሩዙን ቀንሰው ዶሮ፣ እንቁላልና ጎመን ያብዙበት። አጠገቡ የሚቀርበው በዘይት የተጠበሰ ረጅም ሊጥ ይቅርባቸው።

ለግፊታቸው የምፈራው አኩሪ አተር ሶሱን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ወደ 900 ሚሊግራም ሶዲየም አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2000 በታች ይሁን ይላል። በጨው የታሸው የሰናፍጭ ቅጠልም ያው ጨው የበዛበት ነው። ለእሳቸው ጨው ሳይነካው ይቅዱላቸውና በዝንጅብል፣ በቀይ ሽንኩርት ቅጠልና በነጭ ቁንዶ በርበሬ ያጣፍጡት።

መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውሰዱ። መብላት ከጀመሩ ከ2 ሰዓት በኋላ ስኳራቸውን ይለኩላቸው፤ ሐኪማቸው ሌላ ቁጥር ካልሰጣቸው ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነ በሚቀጥለው ሩዙን ይቀንሱ። እዚያ ቻይና የሚሸጠው መለኪያ በሌላ አሃድ፣ በሚሊሞል በሊትር ነው የሚያሳየው፤ በእሱ 180 ማለት 10 ነው። 10 አይተው ዝቅ አለ ብለው እንዳይደነግጡ፣ ስኳር ነገርም እንዳይሰጧቸው።