ጥብቀት በድምፁ ውስጥ አለ፤ የጠፋው ከጽሑፋችን ነው

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የደሴንና የኮምቦልቻን ሰዎች ንግግር ቀድቼ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር፣ ጽሑፉንም መልሶ የሚያነብ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። ድምፁን የምተነትነው በሴፕስትረም ነው። «ሰፊው ገና አልመጣም» የሚለውን ፕሮግራሙ አስተካክሎ ይጽፈዋል። መልሶ ሲያነበው ግን ልብስ ሰፊው መዘግየቱ ይቀርና፣ ጠባብ ያልሆነ አንድ የገና በዓል አልደረሰም ያለ ይመስላል። ሴፕስትረም መጥበቅና መላላትን መለየት አይችልም ማለት ነው? በጽሑፉስ ላይ የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ ልጻፈው?

መልስ፦ ሁለተኛው ጥያቄዎ አጭር መልስ ስላለው ከእሱ ልጀምር፤ አይጻፉት። «ይመታል» ሌላውን ሲመታ መውም ታውም ይላላሉ፤ እሱ ራሱ ሲመታ ሁለቱም ይጠብቃሉ። ይህን ሁለተኛውን «ይምመትታል» ብለው ቢጽፉት ማንም አማርኛ አንባቢ አያውቀውም፤ መዝገበ ቃላት ውስጥም ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ከዚያም በላይ ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ ይዞ፣ አንዳንዴ ያለ አናባቢ ስለሚነበብ፣ ፊደል መደራረቡ አንዱን ግራ መጋባት በሌላ ይተካል እንጂ አያጠራውም።

አሁን ወደ ድምፁ። ሙያዎን ለማይጋሩ አንባቢዎች ባጭሩ ለመናገር፣ ንግግር ከሁለት ነገሮች ይገኛል፤ ከድምፅ አውታሮች ንዝረትና ያ ንዝረት ከሚያልፍበት የጉሮሮና የአፍ ቅርጽ። የድምፁ ኃይል በየንዝረት ፍጥነቱ ተከፋፍሎ በሚታይበት ሥዕል፣ በስፔክትረም ላይ፣ ሁለቱ ተባዝተው ነው የሚታዩት። ሎጋሪዝም ሲወሰድ ብዜቱ ድምር ይሆናል። በዚያ ላይ ስፔክትረሙን ያወጣው የፉሪየር ስሌት ሲደገም ሴፕስትረም ይገኛል፤ በሚሊሰከንድ በሚለካው መስመሩ ላይ የአፍ ቅርጽ ከመነሻው አጠገብ ይሰበሰባል፤ ንዝረቱ ደግሞ ራቅ ብሎ ጉልህ ጫፍ ሆኖ ይወጣል። በሰከንድ 200 ጊዜ የሚነዝር ድምፅ ጫፉን 5 ሚሊሰከንድ ላይ ያቆማል፤ 100 ጊዜ የሚነዝር 10 ሚሊሰከንድ ላይ። ቦገርት፣ ሂሊና ቱኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1963 እ.ኤ.አ. ስልቱን ያቀረቡት በሲግናል ውስጥ የተደበቀ ማሚቶን ለማግኘት ነበር፤ በተለይም በመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ውስጥ። ብዙ ሳይቆይ ኖል በቤል ላቦራቶሪ የሰውን ድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ለመለካት ተጠቀመበት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ድምፁ በትንንሹ ተቆራርጦ ነው፤ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ቁራጭ 25 ሚሊሰከንድ ነው፣ በየ10 ሚሊሰከንዱ አንድ ይወሰዳል። የጥያቄዎ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። መጥበቅ በዋናነት የቆይታ ጉዳይ ስለሆነ ከአንድ ቁራጭ ላይ አይነበብም። ከላላው «ና» የተወሰደ አንድ ቁራጭ ከጠበቀው ከተወሰደው ጋር ተመሳሳይ ነው፤ በሁለቱም ምላስ ያው ቦታ ላይ ነው፣ አየሩም በአፍንጫ ይወጣል። ልዩነቱ የሚታየው ቁራጮቹ ሲደረደሩ ነው። ላላው 70 ሚሊሰከንድ ቆየ እንበል፤ ሰባት ያህል ተመሳሳይ ቁራጭ ያገኛሉ። ጠባቂው 140 ቢቆይ አሥራ አራት ይሆናሉ፣ ከመሐላቸውም ከቁራጭ ወደ ቁራጭ የሚታየው ለውጥ ዜሮ አጠገብ ይሰነብታል።

ደሴ የሚያውቀውን አንድ ስም ወስደው ይሞክሩት። የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ «አይጠየፍ» ሁለት ጥብቀት ይዟል፤ «ጠ»ም «የ»ም ይጠብቃሉ። ነገር ግን ሁለቱ በሴፕስትረም ላይ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ጠ ላይ ምላስ መንገዱን ይዘጋል፣ ጉሮሮም ይዘጋል፤ ስለዚህ ኃይሉ ይወርዳል፣ የንዝረቱ ጫፍም ይጠፋል፣ ጥብቀቱ የዝምታው ርዝመት ይሆናል። ዝምታው ሲያበቃ ጠ ይፈነዳል። «የ» ላይ ግን ድምፅ አይቋረጥም፤ የንዝረቱ ጫፍ ቦታውን ሳይለቅ ይቀጥላል፣ የአፍ ቅርጹ ወደ «ኢ» ተጠግቶ እዚያው ይቆያል። ዝምታን ብቻ የሚቆጥር ፕሮግራም «ጠ»ን ያገኝና «የ»ን ይስታል።

ገበያ መሐል ሲቀዱ ይህ የጠ ዝምታ በጫጫታ ይሞላል። የቁራጮቹን አማካይ መቀነስ የሚባለው ዘዴ የስልኩን ማይክሮፎን ጠባይ ያነሳል፤ የማይክሮፎኑ ተጽዕኖ ከሎጋሪዝም በኋላ እንደ ቋሚ ተደማሪ ስለሚገባ። በላዩ የተደረበውን የመንገድ ድምፅ ግን አያነሳም። ስለዚህ ጥብቀትን የሚለኩባቸውን ቃላት ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ እንዲቀዱ አጥብቄ እመክራለሁ።

እንግዲህ ሴፕስትረሙ የድርሻውን አድርጓል። ፕሮግራሙ ግን የሰማውን ሲጽፍ «ሰፊ»ንም «ገና»ንም በአንድ መልክ ብቻ ነው የሚጽፋቸው፤ አጻጻፋችን ሌላ መልክ አልሰጠውም። አንባቢው ክፍል የሚደርሰው ያ ጽሑፍ ነውና ይገምታል። እኛ ከሐሳቡ ተነስተን እናነባለን፤ ፕሮግራሙ ሐሳቡን አላገኘውም።

መድኃኒቱ ጥንትም ታስቦበታል። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርገው ነበር። ልማዱ አልተስፋፋም፤ በእኔ እምነት ትልቅ ነገር አምልጦናል። የጥብቀት ምልክት ዛሬ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ በሆነው በዩኒኮድ የራሱ ቦታ ስላለው በዓሉን «ገና፟» ብለው መጻፍ ይችላሉ። ለሰው የሚቀርበው ጽሑፍ እንደተለመደው ይሁን፤ ፕሮግራሙ የሚማርበት ግን ምልክቱን ይያዝ።

ሁሉንም በእጅ ማስገባት አይጠበቅብዎትም። ግሱ ራሱ ብዙ ይነግርዎታል፤ «ሰበረ» ላይ «በ» ይጠብቃል፣ «ይሰብራል» ላይ ይላላል፤ «ፈለገ» ግን «ይፈልጋል» ሲሆንም ጥብቀቱን አይለቅም። «ሀ» እና «አ» አይጠብቁም፣ የቃል መነሻ ላይ ያለ ፊደልም እንዲሁ። እነዚህን ደንቦች ካስገቡ በእጅ የሚቀሩት እንደ «ሰፊ»፣ «ገና»፣ «ዋና» እና «አለ» ያሉ ከዐረፍተ ነገሩ ብቻ የሚለዩ ቃላት ናቸው። ጽሑፍ የሚያጸዳ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነም አስቀድመው ይፈትሹት፤ ብዙዎቹ ከፊደል ውጭ ያለን ምልክት ሁሉ ሳይጠይቁ ይጠርጋሉ።