አፕግሬድ መሀል ላይ ኦርካ ዝም ቢልሽ ማጥፊያውን አትንኪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ዴቢያን 12 በሚባለው ሊኑክስ ላይ ማቴ ዴስክቶፕንና ለእኛ ለማናይ ሰዎች ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበውን ኦርካን እየተጠቀምሽ ነው፤ ወደ 13 አፕግሬድ ማድረግ ፈልገሻል፤ አጠገብሽ የሚያይ ሰው የለም፤ ኦርካ መሀል ላይ ዝም እንዳይልሽ ሰግተሻል። ስጋትሽ ልክ ነው። እኔን ዝም ብሎኛል። ባህር ዳር ስላለሽ የመብራቱን ነገር አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ።

1. ላፕቶፕሽ 32 ቢት ከሆነ እዚያው 12 ላይ ቆዪ። ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ፒሲ መጫኛም ከርነልም (የሲስተሙ እምብርት) የለውም።

2. ፋይሎችሽን ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ይህን ሁሉም ሰው ይልሻል። ለእኔም ብለውኝ ነበር፣ አልሰማሁም።

ያኔ ፔዳ አካባቢ ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ቅዳሜ ማታ በስልኬ ዳታ ጀመርኩት። ኦርካ የሚያልፈውን መስመር እየለቀመ ሲያነብልኝ ቆይቶ ቃል መሀል ላይ ቀጥ አለ። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። አሥር። ፋኑ እንኳ ጸጥ ብሏል። "ስታክ አደረገ" አልኩና ማጥፊያውን ተጭኜ ያዝኩት።

ስታክ አላደረገም ነበር። በኋላ ሌላ ማሽን ላይ ስደግመው ነው የገባኝ። ድምፁን የሚያወጣው ፕሮግራም ራሱ ከሚቀየሩት አንዱ ነው፣ ስለዚህ ድምፁ ሄደ። አፕግሬዱ ደግሞ "አሮጌውን የማስተካከያ ፋይል ልተወው ወይስ አዲሱን ላስገባ?" ብሎ መልሴን እየጠበቀ ነበር። አንድ ኢንተር ብጫን ይቀጥል ነበር። አንድ ኢንተር!

መልሼ ስከፍተው ድምፅ የለም። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 ተጭኜ፣ በጭፍን ገብቼ፣ ፕሮግራሞችን የሚጭነው ዲፒኬጂ ያቋረጠውን እንዲጨርስ ማዘዝ እችል ነበር። ያኔ አላወቅኩም። ወደ ጥገና ቤት ወሰድኩት።

ሰውዬው እኔን ትቶ አብሮኝ የመጣውን የአክስቴን ልጅ "ችግሩ ምንድን ነው?" ይለዋል። "ላፕቶፑ የእኔ ነው፣ እኔን ጠይቀኝ" አልኩት። "እሺ ጋሼ" አለና ወደ ልጁ ዞረ። ጋሼ የሚያሰኝ ዕድሜ የለኝም፣ ይሁን። ፎርማት እንዳያደርግ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። በማግስቱ ስንሄድ ዲስኩን ጠርጎ፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ጭኖ ጠበቀን። "ሊኑክስ ለእሱ ምን ያደርግለታል?" አለ። ይህንንም ለልጁ። 800 ብር ከፈልኩት። ለመመረቂያ ጽሑፌ ጣና ዳር ካሉ ታንኳ ሠሪዎች የቀዳሁት የዘጠኝ ሰዓት ድምፅ፣ ደንገሉ ሲታሰር ሲጥ ሲጥ የሚለው ሳይቀር፣ አብሮ ጠፋ። ተመልሼ እንደገና ቀዳሁ። አንዱን ሽማግሌ ግን አላገኘኋቸውም።

3. ዋናው ይኼ ነው፦ አፕግሬድ የሚደረገው ማሽን ራሱ እንዲያነብልሽ አትጠብቂ። ታንኳ ላይ ተቀምጠሽ የታንኳውን ማሰሪያ አትፈቺም። እኔ አሁን ላፕቶፑ ላይ ከሌላ መሣሪያ ገብቶ ለማዘዝ የሚያስችለውን የኤስኤስኤች ሰርቨር እጭናለሁ፣ በስልኬ ሆትስፖት አገናኘዋለሁ፣ ስልኬ ላይ ካለው ተርመክስ ከሚባል የትእዛዝ መጻፊያ አፕ እገባለሁ፣ የስልኩ ስክሪን አንባቢ ቶክባክ ያነብልኛል። ላፕቶፑ ድምፁን ቢያጣ ምን አገባኝ። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ሥራውን ክፍት አድርጎ በሚያቆየው ቲመክስ ውስጥ እሠራለሁ፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም።

አንድ ነገር ግን አለ። መጀመሪያ 12ን ራሱን እስከ መጨረሻው አፕዴት አድርጊ። የቆየው የ12 ኤስኤስኤች አፕግሬዱ መሀል ላይ ከቆመ እንደገና አላስገባም ሊልሽ ይችላል። ከዚያ በኋላ ነው ፕሮግራሞቹ የሚወርዱበት ምንጭ ዝርዝር ላይ ቡክዎርም (የ12 ስም) የሚለውን ትሪክሲ (የ13 ስም) ብለሽ የምትቀይሪው። ረጅም ጽሑፍ መጥቶ ቀጥ ካለ የለውጦች ማስታወቂያ ነው፣ ኪው ተጫኚና ይለፍ። ጥያቄ ከመጣ ኢንተር።

ጨርሰሽ ስትከፍቺው ዝም ካለ ቶሎ አትደንግጪ፤ አልት፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ኤስን አንድ ላይ ተጫኚ። ብዙ ጊዜ ኦርካ ጠፍቶ ብቻ ነው።

4. ሁሉም ነገር ቢበላሽ እንኳ የማንም ዓይን አያስፈልግሽም። የዴቢያን መጫኛ ያለበትን ፍላሽ ሰክተሽ አስነሺ፣ ቢፕ ሲል ኤስ ከዚያ ኢንተር ተጫኚ፣ ማውራት ይጀምራል። ቢፕ የማይሉ ላፕቶፖች አሉ፣ ትንሽ ጠብቀሽ ሞክሪ። የሩትን (የዋና አስተዳዳሪውን) የይለፍ ቃል ባዶ ተዪው፣ አለዚያ በራስሽ ስም ገብተሽ እንደ አስተዳዳሪ የምታዥበት ሱዶ አይሠራልሽም። ዲስኩን ስትከፋፍዪ ሆምን፣ ማለትም ፋይሎችሽ የሚቀመጡበትን፣ ለብቻው ክፍል አድርጊው። እኔ እስካሁን ሦስት ማሽን እንዲህ ጭኛለሁ፣ አንዱ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ነው። አሁን ሲበላሽበት ጥገና ቤት አይሄድም፣ እኔ ጋ ነው የሚያመጣው።

ፍላሹ ከሌለሽ እኔ ጋ አለ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።