የጋራ መድበል ለምታሳትሙ ልጆች

ስድስት ሰባት ሆናችሁ ግጥም ወይም አጭር ልቦለድ አሰባስባችሁ፣ ገንዘብ አዋጥታችሁ ለማሳተም ስታስቡ ረቂቁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ዕድሜዬን በአርትዖትና በኅትመት ሥራ ስላሳለፍኩ ስለ ግጥሙም ስለ ሽፋኑም ትጠይቁኛላችሁ። የገንዘቡን ነገር ማንሳት ግን ታፍራላችሁ። ጓደኛሞችን ሲያጣላ ያየሁት ደግሞ እሱ ነው፤ ያውም ከምርቃቱ በኋላ።

ብዙዎቻችሁ ማተሚያ ቤቱ ለአንድ ቅጂ የጠየቀውን ትሰሙና ትንሽ ጨምራችሁ ዋጋ ትቆርጣላችሁ። እስቲ አብረን እናስላው። 1,000 ቅጂ እያንዳንዱን በ150 ብር አሳተማችሁ፣ የሽፋን ዋጋውን 300 አደረጋችሁ እንበል። አከፋፋዩ 35 በመቶ ከወሰደ እጃችሁ የሚገባው 195 ብር ነው። 100 ቅጂ ለስጦታ፣ ለጋዜጠኞችና ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ለወመዘክር ይሄዳል። የቀረው 900 ሙሉ በሙሉ ቢሸጥ እንኳ የሚተርፈው 25,500 ብር፣ ለስድስት ሲካፈል 4,250 ነው። ወጪያችሁ የሚመለሰውም 770ኛው ቅጂ ሲሸጥ ነው። ዋጋው 400 ቢሆን ግን እጃችሁ የሚገባው 260 ስለሚሆን በ577ኛው ይመለሳል፤ ትርፉም 84,000 ይደርሳል። ገዢያችሁ ተማሪ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ያሳስበኛል። ለእሱ በምርቃቱ ዕለት ቀንሱለት። ያን ቀን አከፋፋይ የለም፤ በ300 ብትሸጡለት እንኳ በመደብር በኩል ከምታገኙት 260 ይበልጣል።

ወረቀት ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። በተለይ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ በመጋቢት የተሰጣችሁን ፕሮፎርማ ይዛችሁ በሰኔ ዋጋ አትወስኑ።

ያዋጣችሁትን ገንዘብና የጻፋችሁትን ጽሑፍ ደግሞ ለዩ። ከሽያጩ ገቢ ላይ በቅድሚያ ላዋጣ ሁሉ ባዋጣው ልክ ይመለስለት። ከዚያ የተረፈው የጸሐፊዎቹ ሮያሊቲ፣ ማለትም የድርሰታቸው ክፍያ ነው፤ ገንዘብ ያላዋጣ ጸሐፊም እኩል ድርሻ አለው። በገጽ ብዛት ማካፈልን አልደግፍም፤ አጭር የሚጽፈውን መቅጣት ነው። የአርታኢውና የሽፋን ሠዓሊው ክፍያ ግን ከወጪው ጋር ይታሰብ፤ “ሲሸጥ እንሰጥሃለን” አትበሏቸው።

ይህን ሁሉ ለማተሚያ ቤቱ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙ። ገንዘቡ በማን ሒሳብ ይገባል? ሁለተኛ ዕትም ሲታሰብ የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል? አንዱ ግጥሙን ነገ በራሱ መድበል ሊያወጣው ይችላል? በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ከሞቱ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃልና ወራሽ ሊጠይቃችሁ እንደሚችልም አስቡ። አሜሪካ ያለ ጓደኛችሁ አማዞን ላይ ካወጣላችሁም ክፍያው የሚገባው አካውንቱን ለከፈተው ሰው ብቻ ነው፤ ኬዲፒ የሚባለው የአማዞን የኅትመት አገልግሎት ለደራሲዎች አያካፍልም። ጓደኛችሁም ገንዘቡን በምን ያህል ጊዜ እንደሚልክ፣ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚያስብ ውሉ ውስጥ ይግባ።

ለየመጽሐፍ መደብሩ አንድ የደብተር ገጽ ስጡ፦ ቀን፣ የተረከበው ቅጂ፣ የተሸጠው፣ የተመለሰው፣ የተቀባዩ ፊርማ። በዱቤ የወሰደውን በየወሩ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ስትሄዱም ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ደብተሩንም ለስድስታችሁም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ።