ለቁስል ዘይት ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ የወንድምሽ መዳፍ በአሳ ቢላዋ ተቆርጦ በአራት ክር ከተሰፋ አምስት ቀን ሆኖታል፤ እናትሽ ጥቁር አዝሙድ ዘይት እንቀባው ይላሉ፤ አንቺ ደግሞ ልቀባ ወይስ ልተው ብለሻል። እኔ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር አሳ ስገፍፍና ስጠብስ 11 ዓመት ሞልቶኛል። እጄን ሳልወጋ የዋልሁበት ሳምንት ጥቂት ነው።

ክሩ እስኪወጣና ቆዳው እስኪገጥም አትቀቢ። ከዚያ በኋላ የእናትሽን ቃል ብትፈጽሚ ችግር የለውም።

የዐቢይ ጾም ገበያ በደራበት ሰሞን የአምባዛ እሾህ አውራ ጣቴ ሥር ገባ። ጠርዙ እንደ መጋዝ ስለሆነ የአምባዛ እሾህ ሲወጣም ሥጋ ቦጭቆ ነው። ደሙ ሲቆም ቤት ያለውን ጥቁር አዝሙድ ዘይት አንጠባጠብሁበትና በጨርቅ ጠቀለልሁት። በሦስተኛው ቀን ጣቴ የሁለት ጣት ውፍረት አክሎ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ አደረ። ጤና ጣቢያ ሲከፍቱት ከመግሉ ጋር የእሾሁ ስባሪ ወጣ። ጥፋቱ የአዝሙዱ አልነበረም፤ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ደኅና አድርጌ ሳላጥብ ከደንሁት። ጥልቅና ጠባብ ቀዳዳ ላይ ዘይት ማፍሰስ ቆሻሻውን ከውስጥ መቆለፍ ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ተሕዋሲ ደግሞ የሚራባው አየር በሌለበት ነው። ወንድምሽ የቴታነስ ክትባት ካልወሰደ ዛሬውኑ ጠይቂለት።

ስለ ጠርሙሱም ላንሳ። ያን ዘይት የገዛሁት በሃይላንድ ፕላስቲክ ነበር፤ አንገቱ ላይ አቧራ፣ ክዳኑ ላይ የብዙ ሰው የጣት አሻራ። ጥቁር አዝሙዱ ተጨምቆ ይሁን በምግብ ዘይት ተዘፍዝፎ በዓይን አይለይም። እኛም ቤት ስንቀባ ቁስል የነካ ጣታችንን መልሰን እዚያው እንነክራለን። እንዲህ ያለ ዘይት ለወጥ እንኳ ያሳስባል።

ነርስነት የተማረችው የእህቴ ልጅ የነገረችኝ አንድ ነገር አለ። በ1962 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጆርጅ ዊንተር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ ሞክሮ፣ እርጥበቱ ተጠብቆ የተሸፈነ ቁስል ሳይሸፈን ደርቆ ቅርፊት ካበጀው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ አዲስ ቆዳ እንደሚያለብስ አሳይቷል። “ቁስል ይድረቅ” እያልን ያደግን ሰዎች መስማት አልወደድንም። እንግዲህ ዘይት የሚጠቅመው ያንን እርጥበት በመያዙ ከሆነ፣ ንጹሕ ቫዝሊን በርካሽ ይሠራዋል። ጥቁር አዝሙድ ታይሞኪኖን የሚባል ጀርምን የሚገታ ነገር እንዳለው እውነት ነው፤ ግን አብዛኛው ጥናት በእንስሳትና በላቦራቶሪ የተደረገ ነው። ከዚህ ሌላ ቆዳ አስቆጥቶ የሚያሳክካቸው ሰዎችም አሉ።

ከተዘጋ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ አውራ ጣቴ ድኖ ጠባሳው እንደ ቁርበት ሲደርቅብኝ የኑግ ዘይት ነው ያለሰለሰልኝ። ጎጃም የሞላን ኑግ ነው፣ ዘይቱም ከመቶ 70 እጅ ገደማ ሊኖሌይክ የሚባል ስብ አለው፤ ቆዳ ውኃውን እንዳያመልጠው ያንን ስብ ይፈልገዋል። ጥዋትና ማታ ሁለት ጠብታ፣ ጫን ብሎ እያሹ፤ ያውም ከአዲስ ጠርሙስ። መጀመሪያ ክንዱ ላይ ትንሽ ቀብተሽ አንድ ቀን ቆዪ። የባሕር ዛፍ ዘይት ግን በደንብ ሳይቀላቀል ቆዳ አይንካ፣ ያቃጥላል።

የእጅ ክር ብዙ ጊዜ በ10 ቀን አካባቢ ይወጣል፤ ያከሙት ሰዎች የቀጠሩለትን ጠብቁ። እስከዚያ መቅላቱ ወደ ክንዱ ከወጣ፣ ከሸተተ፣ ካተኮሰው ወይም ጣቱን ማጠፍ ካቃተው ግን ቀጠሮውን አትጠብቂ። እሱንስ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ፣ ጣቱ ጫፍ ላይ ስትነኪው ይሰማዋል?